ኦርካ ማጥናት እንጀራ ይወጣዋል?

ጥያቄ፦ «በ16 ዓመቴ ከአዲስ አበባ ወደ ሲያትል መጣሁ። አሁን ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነኝ፤ ግሪን ካርድ አለኝ። የዱር ኦርካዎችን (ጥቁርና ነጭ ዓሣ ነባሪዎችን) ማጥናት እፈልጋለሁ። አባቴ ግን ‹ነርሲንግ እያለልሽ በዓሣ ነባሪ ማን እንጀራ በላ?› ይላል። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ የአባትሽ ጥያቄ የዋዛ አይደለም። ገና ከመጀመሪያው ዓመት የነርስ ደመወዝ ይሻላል፤ ይህን ደብቄ አላማክርሽም።

ጀልባ ላይ ቆሞ ጥቁርና ነጭ ገላ ሲወጣ ማየት የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ዋናው ሥራ ቆጠራ ነው። በ1970ዎቹ ካናዳዊው ተመራማሪ ማይክል ቢግ እያንዳንዱን ኦርካ በጀርባ ክንፉ ቅርጽና ከክንፉ ኋላ ባለው ኮርቻ መሰል ግራጫ ምልክት መለየት እንደሚቻል አሳየ። ከ1976 ጀምሮ ደግሞ አሜሪካዊው ተመራማሪ ኬን ባልኮም ከሲያትል በስተ ሰሜን ባሉት የሳን ህዋን ደሴቶች ዙሪያ በየዓመቱ ፎቶ እያነሳ መመዝገቡን ቀጠለ። በዚሁ አካባቢ የሚገኙት፣ ደቡባዊ ነዋሪ የሚባሉት ኦርካዎች ዛሬ ከ80 በታች ናቸው፤ ዕድር ያለው ሰፈር ማን ወለደ፣ ማን ሞተ እንደሚያውቀው ሁሉ ተመራማሪዎቹም እያንዳንዱን በመለያ ቁጥሩ ያውቁታል። በ2018 የሞተ ልጇን 17 ቀን ተሸክማ የዋኘችው እናት መለያዋ ጄ35 ነው።

እነዚህ ኦርካዎች በዋናነት የሚበሉት ቺኑክ የሚባለውን ሳልመን ነው። የወንዞች መገደብና መሞቅ ሳልመኑን አመናመነው። የቀረውን እንዳይዙ ደግሞ የመርከብ ጩኸት ዓሣ የሚፈልጉበትን የድምፅ ማስተጋባት ይሸፍንባቸዋል። ሲርባቸው ስባቸውን ያቃጥላሉ፤ በስቡ ውስጥ የተጠራቀመው ፒሲቢ የተባለ መርዝ ያን ጊዜ ወደ ደማቸው ይገባል። እዚያው ባሕር ላይ አቆስጣ እያደኑ የሚበሉት ሌሎቹ ኦርካዎች ግን እየበዙ ነው። ባሕሩ አንድ፣ መሶቡ ሁለት።

ምክሬም ከዚሁ ይነሳል። ኦርካን ብቻ የሚያጠና የሥራ መደብ በጣት የሚቆጠር ነው፤ በዙሪያው ያለው ግን ሰፊ ነው። ሳልመን የሚቆጥር ባለሙያ የዋሽንግተን ግዛት የዓሣና ዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ይቀጥራል፤ የአሳ ማጥመድ የውል መብት ያላቸው ነባር ሕዝቦችም የራሳቸው የዓሣ ሀብት ክፍል አላቸው። የውኃ ውስጥ ድምፅ የሚለካ፣ ከድሮን ፎቶ የእንስሳውን ውፍረት የሚያሰላ፣ ከዓይነ ምድሩ ሆርሞን የሚመረምርም ያስፈልጋል። (ዓይነ ምድሩን ጀልባ ላይ ሆነው በማሽተት የሚፈልጉ የሠለጠኑ ውሾች አሉ፤ ለአባትሽ ይህን ባትነግሪያቸው ይሻላል።)

ስለዚህ ከስታቲስቲክስ አትሽሺ። አር ወይም ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ተማሪ። ባዮሎጂ የሚወድ ተማሪ ሞልቷል፤ የአሥርት ዓመታት መዝገብ አንብቦ ትርጉም የሚያወጣ ግን ይፈለጋል።

ለበጋው ዕረፍት በናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን (ምርምርን በሚደግፈው የአሜሪካ መንግሥት ተቋም) ገንዘብ የሚካሄዱትን አር ኢ ዩ የሚባሉ የምርምር ልምምዶች ፈልጊ፤ ተከፋይ ናቸው፣ በግሪን ካርድም ይቀበላሉ። የኖዋ (የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት) ሆሊንግስ ስኮላርሺፕ ግን ዜግነት ይጠይቃል። «ከፍለሽ ነይና ልምድ ውሰጂ» ከሚሉ ልምምዶች ተጠንቀቂ፤ አንዲት የማውቃት ልጅ የዓመት ቁጠባዋን ከፍላ ሰሃን ስታጥብ ከርማለች። በሳይንስ ዶክትሬት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው ይከፈለዋል እንጂ አይከፍልም። አባትሽ ይህን ሳያውቁት አይቀሩም ብለሽ አትለፊው፤ ንገሪያቸው።

እስከዚያው ከቤትሽ ሳትወጪ ኦርካሳውንድ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ከባሕር ውስጥ ማይክሮፎኖች የሚመጣውን ድምፅ በነፃ አዳምጪ። ኦርካዎቹን ለማየት ጀልባ አያስፈልግሽም፤ ከ2025 ጀምሮ በዋሽንግተን ውኃ ላይ ጀልባ ለደቡባዊ ነዋሪዎቹ ከ1,000 ያርድ ባነሰ ርቀት መቅረብ አይችልም። በሳን ህዋን ደሴት ባለው «ላይም ኪልን» ፓርክ ዳርቻ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ፤ አንዳንድ ቀን ምንም አይመጣም፣ ሥራውም እንደዚያው ነው።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር (ለትራንስፈር) ከማመልከትሽ በፊት የወሰድሻቸውን ኮርሶች ዝርዝር ላኪልኝ፤ በተለይ ካልኩለስና ኬሚስትሪ የት እንደደረሱ ማየት እፈልጋለሁ።