በክሩዝ መርከብ ላይ ጉርሻ ለማን፣ መቼ እና ምን ያህል? ለእህታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ውድ እህታችን፣ ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ከባለቤትዎ፣ ከሁለት ልጆችዎና ከአዲስ አበባ ከመጡት እናትዎ ጋር በነሐሴ ወር ከባልቲሞር ተነሥቶ ወደ ባሃማስ በሚሄድ የመዝናኛ (ክሩዝ) መርከብ ለ7 ሌሊት ልትጓዙ ነው። ቲኬቱን ስትገዙ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 18 ዶላር ገደማ የጉርሻ ክፍያ ተጨምሮ አይታችኋል። ባለቤትዎ «ይህንን አስነሥተን ለሚያገለግለን ሰው በእጃችን እንስጥ» ብለዋል፤ እናትዎ ደግሞ ያገለገለን ሰው ባዶ እጁን ማሰናበት ነውር ነው በማለት በቲኬቱ ከተከፈለው በላይ በእጅ መሰጠት አለበት ይላሉ። እርስዎም ከሁለቱ ማንን እንደሚሰሙ ጠይቀዋል።

ከቤተሰቤ ጋር ከባልቲሞርም ከፍሎሪዳም ወደቦች በመርከብ ተጉዣለሁ፤ ከዚያ በፊትም በዋሽንግተን አካባቢ በሆቴል አስተናጋጅነት ለዓመታት ሠርቻለሁ። ስለዚህ ጉርሻን ከሰጪውም ከተቀባዩም ወገን ሆኜ አውቀዋለሁ። መልሴ ይህ ነው፦ በየቀኑ የሚታሰበውን ክፍያ አታስነሡት፤ የቲኬቱ ዋጋ አካል አድርጋችሁ ቁጠሩት። በእጅ የሚሰጠው ደግሞ ለሁሉም ሳይሆን፣ ለእናንተ የተለየ ድካም ለደከሙ ጥቂት ሰዎች ብቻ ይሁን። ባለቤትዎም እናትዎም ያሉት ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ነገር ግን የመርከቡን አሠራር ሲያውቁት ሁለቱም ሐሳባቸውን በመጠኑ የሚያስተካክሉ ይመስለኛል።

በቀድሞው ልማድ እያንዳንዱ ቤተሰብ ጉዞው እስኪያልቅ ድረስ በተመደበለት ጠረጴዛ፣ በተመደበለት ሰዓት፣ በአንድ አስተናጋጅ እየተስተናገደ ራቱን ይበላ ነበር። በመጨረሻው ምሽትም ለአስተናጋጁ፣ ለረዳቱና ክፍል ለሚያጸዳው ሠራተኛ በየፖስታው ገንዘብ እየተደረገ በእጅ ይሰጥ ነበር። በ2000 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኖርዌጂያን የተባለው የመርከብ ኩባንያ እንግዳው በፈለገው ሰዓትና በፈለገው ምግብ ቤት የሚበላበትን አሠራር ጀመረ፤ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሉት። እንግዳው በየምሽቱ የተለየ አስተናጋጅ ሲያገኝ ፖስታው ለማን እንደሚሰጥ ግልጽ መሆኑ ቀረ፤ በዚህም ምክንያት በየቀኑ በሒሳብ ላይ የሚታሰብ ክፍያ እየተለመደ መጣ። በቅርብ ዓመታት ከአሜሪካ ወደቦች የሚነሡት ትልልቅ ኩባንያዎች፣ ማለትም ካርኒቫል፣ ሮያል ካሪቢያን፣ ኖርዌጂያንና ኤም.ኤስ.ሲ.፣ ለመደበኛ ክፍል በአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ያስከፍላሉ፤ ሰፋፊ ለሆኑት ስዊቶች ከዚያ ይበልጣል። ለእናንተ ለ5 ሰዎች፣ ለ7 ሌሊት፣ በ18 ዶላር ሲሰላ 630 ዶላር ይሆናል። ገንዘቡ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የባለቤትዎ መደንገጥም አግባብ ነው። ሆኖም ቲኬቱ ርካሽ ሆኖ የታየው ይህ ገንዘብ ስላልተካተተበት ነውና፣ ከመጀመሪያው ደምሮ ማሰቡ ይሻላል።

ይህ ገንዘብ ክፍላችሁን ለሚያጸዳው ሠራተኛ፣ በዋናው የምግብ አዳራሽ ለሚያስተናግዷችሁና ለረዳቶቻቸው ይደርሳል። እንደየኩባንያው ደንብም ከምድር ቤት አንሶላና ፎጣ ለሚያጥቡ፣ ሳህን ለሚያነሡና ለሌሎች ዐይናችሁ ለማያያቸው ሠራተኞች ይከፋፈላል። አብዛኞቹ ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከሕንድና ከካሪቢያን አገሮች የመጡ ናቸው፤ ለወራት በሚቆይ ውል፣ ሳምንቱን ሙሉ ያለ ሙሉ የዕረፍት ቀን ይሠራሉ። በ2006 ጸድቆ በ2013 ሥራ ላይ የዋለው የባሕር ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚያስገድደው በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሳምንት ደግሞ 77 ሰዓት ዕረፍት እንዲያገኙ ነው። መርከቦቹ በብዛት የተመዘገቡት በባሃማስ፣ በፓናማና በመሳሰሉት አገሮች ስለሆነ፣ ከባልቲሞር ቢነሡም እንኳ የአሜሪካ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ በሠራተኞቻቸው ላይ አይሠራም። በመሆኑም እኛ ጉርሻ የምንለው ለእነዚህ ሰዎች ደመወዛቸው ነው፤ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበትና ለወላጆቻቸው የሚልኩበት ገንዘብ ነው።

ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በዚህ አገር ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ የፌዴራሉ ሕግ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ1991 ጀምሮ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ሆኖ ቆይቷል፤ ብዙ ግዛቶችና ከተሞች ከዚያ የተሻለ ቢደነግጉም፣ ስንቶቻችን በምግብ ቤት፣ በመኪና ማቆሚያና በሆቴል ስንሠራ የቤት ኪራይ የከፈልነው እንግዳው ትቶት በሚሄደው ገንዘብ እንደነበረ እናስታውሳለን። እኔ በበኩሌ በዚያ ገንዘብ የኖረ ሰው የመርከብ ሠራተኛን ድርሻ ለማስነሣት ወረፋ ሲይዝ ማየት ያሳዝነኛል።

«በእጃችን እንስጥ» የሚለው የባለቤትዎ ሐሳብ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በእጅ የሚሰጠው ፊት ለፊት ለሚታየው ሰው ብቻ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ድስትና ሳህን ሲያጥብ የሚያድረው ግን ከእናንተ ጋር አይገናኝም። ከዚህም በላይ በአንዳንድ ኩባንያዎች እንግዳው የቀን ክፍያውን ካስነሣ፣ ሠራተኛው ከዚያ እንግዳ በእጁ የተቀበለውን ለጋራ ክፍፍል እንዲያስረክብ ደንቡ ያዝዛል። ክፍያው ሳይነሣ በተጨማሪ የሰጣችሁት ግን የራሱ ሆኖ ይቀራል። ባለቤትዎ የሚፈልጉት ገንዘቡ በትክክል ለደከመው ሰው እንዲደርስ ከሆነ፣ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ክፍያውን ባለበት መተው ነው።

ክፍያውን ማስቀነስ ፈጽሞ አይገባም ማለቴ አይደለም። ክፍሉ ለቀናት ሳይጸዳ ቢቀር ወይም ሠራተኛ ክብራችሁን የሚነካ ነገር ቢያደርግ፣ ወዲያውኑ ወደ እንግዶች አገልግሎት ጠረጴዛ ሄዳችሁ ንገሩ። በመጀመሪያ እንዲያስተካክሉ ዕድል ስጧቸው፤ ካላስተካከሉ ክፍያው እንዲቀነስ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ይህ መደረግ ያለበት ግን መርከቡ ላይ ሳላችሁ ነው፤ ከወረዳችሁና ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ ማስመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ምግቡ ስላልጣፈጠ ወይም ዝናብ ስለዘነበ የአስተናጋጁን ድርሻ መቀነስ ግን ፍትሕ አይደለም።

የልጆቹን ጉዳይም ጠይቀዋል። በመሠረቱ ልጆች እንደ አዋቂ ይቆጠራሉ፤ አንዳንድ ኩባንያዎች ብቻ ከ2 ወይም ከ3 ዓመት በታች ያሉትን ከክፍያው ነፃ ያደርጋሉ። የእናንተ ልጆች ከዚያ ካለፉ የሚከፈልላቸው ሙሉውን ነው። ክፍያውን ከጉዞው በፊት መክፈል ትችላላችሁ፤ እኔ የምመርጠውም ይህንን ነው። ታሪፉ በየጊዜው ስለሚጨምር አስቀድሞ የከፈለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከጭማሪው ይድናል፤ በመጨረሻው ቀንም ከተጠራቀመ ሒሳብ ጋር አይፋጠጥም።

አዲስ ተጓዦች ሳያስቡት ሁለት ጊዜ የሚከፍሉበት ቦታ አለና በዚህ ላይ አደራ እላለሁ። በመርከቡ ላይ ለስላሳም፣ ቢራም፣ ማኪያቶም ሲገዛ በዋጋው ላይ ከ18 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ ወዲያውኑ ይታሰባል። የመጠጥ ጥቅል አስቀድማችሁ ከገዛችሁም እንደዚሁ በግዢው ላይ ተጨምሮ ይከፈላል። በማሳጅና በፀጉር ቤትም አሠራሩ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ደረሰኙ ለፊርማ ሲቀርብላችሁ ግን ከታች «ተጨማሪ ጉርሻ» የሚል ባዶ መስመር ይኖረዋል፤ በከተማ ምግብ ቤት የለመደ ሰው ይህን ሲያይ 20 በመቶ አስልቶ ይጽፋል። ከላይ ያለውን ዝርዝር ሳታነቡ አትጻፉ፤ መስመሩን ባዶ መተው ነውር አይደለም። ምግብ ወደ ክፍላችሁ ስታዝዙም ደረሰኙን ተመልከቱ፤ ምንም ካልተጨመረበት ላመጣው ሰው 2 ወይም 3 ዶላር መስጠት የተለመደ ነው።

አሁን ወደ እናትዎ ሐሳብ ልምጣ፤ በእጅ የሚሰጥበት ተገቢ ቦታ አለና። የመጀመሪያው ክፍላችሁን የሚያጸዳው ሠራተኛ ነው። አምስት ሆናችሁ ስትጓዙ ምናልባት ሁለት ክፍል ይኖራችኋል፤ የልጆቹን አልጋ ማታ የሚዘረጋውና ጠዋት የሚያጥፈው፣ ፎጣ የሚጨምረው፣ ለእናትዎ ተጨማሪ ብርድ ልብስ የሚያመጣው እርሱ ነው። እኔ ለአንድ ክፍል ለሳምንቱ ከ20 እስከ 40 ዶላር እሰጣለሁ። በመጨረሻው ምሽት ስሙን ጠርታችሁ፣ አመስግናችሁ፣ በእጁ ስጡት። ጠረጴዛ ላይ የምትተዉለት ከሆነም ለእርሱ መሆኑን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ አብራችሁ አኑሩ፤ አለበለዚያ የተረሳ ገንዘብ ሊመስለው ይችላል። በምግብ አዳራሹም በተመደበ ሰዓት የምትበሉ ከሆነና አንድ አስተናጋጅ ሳምንቱን ሙሉ ካስተናገዳችሁ፣ ለእርሱና ለረዳቱ እንደ አቅማችሁ መጨመር መልካም ነው።

ጉዟችሁ በነሐሴ ስለሆነ እናትዎ ፍልሰታን እንደሚጾሙ ጽፈዋል፤ በዚህ ላይ ዘለግ አድርጌ ልናገር፣ ብዙ እናቶች በዚህ ምክንያት በመርከብ ላይ ሰላጣና ፍራፍሬ ብቻ በልተው ይመለሳሉና። መርከቡ ከመነሣቱ ከሳምንታት በፊት ለኩባንያው ቪጋን ምግብ የሚበላ ሰው እንዳለ አስመዝግቡ። በመጀመሪያው ምሽት ደግሞ የአስተናጋጆቹን ኃላፊ አስጠርታችሁ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ እንደማይነካ፣ መቼ እንደሚበሉም ጭምር በግልጽ አስረዱት። አብዛኛውን ጊዜ የነገውን የምግብ ዝርዝር ዛሬ ማታ አምጥቶ ያስመርጣችኋል፤ ወጥ ቤቱም ለብቻ ያዘጋጃል። እናትዎ እንዲጾሙና ጠግበው እንዲያድሩ በየምሽቱ የሚመላለስ ሰው የተለየ ድካም ደክሟል። ይህ ኃላፊ ከቀን ክፍያው የሚያገኘው ድርሻ እንደየኩባንያው ይለያያልና፣ በጉዞው ማብቂያ 20 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ቢሰጠው ይገባዋል። እናትዎ ራሳቸው በእጃቸው ቢሰጡትና ቢመርቁት ደግሞ ከገንዘቡ በላይ ይደሰታል፤ የራሱን እናት ትቶ ባሕር ላይ የሚኖር ሰው ነውና።

ለመርከቡ አዛዥ፣ ለመኮንኖች፣ በአገልግሎት ጠረጴዛ ለሚሠሩና በመድረክ ለሚጫወቱ ጉርሻ አይሰጥም፤ ምስጋና ይበቃቸዋል። በልጆች መዋያ የሚሠሩት ወጣቶችም በዚህ ልማድ ውስጥ የሉም፤ ልጆቻችሁን በፍቅር ከያዙላችሁ ግን ልጆቹ የሚጽፉላቸው የምስጋና ካርድ ደስ ያሰኛቸዋል።

ከመርከቡ ውጭ ያለው ደግሞ በሌላ ሥርዓት ነው የሚሄደው። በባልቲሞር ወደብ ከመኪና ስትወርዱ ሻንጣችሁን የሚረከቡት ሰዎች የወደብ ሠራተኞች እንጂ የመርከቡ ሠራተኞች ስላልሆኑ ከቀን ክፍያው ምንም አይደርሳቸውም፤ ለአንድ ሻንጣ 1 ወይም 2 ዶላር ይሰጣል። በባሃማስ ዋና ከተማ በናሶ የአሜሪካ ዶላር ከባሃማሱ ጋር እኩል ስለሚመነዘር ገንዘብ መለወጥ አያስፈልጋችሁም። እዚያ በብዙ ምግብ ቤቶች 15 በመቶ በሒሳቡ ላይ አስቀድሞ ይጨመራልና፣ ከመክፈላችሁ በፊት ተመልከቱ። ሙሉ ቀን ለሚያስጎበኛችሁ ሰው በአንድ ሰው ከ5 እስከ 10 ዶላር፣ ለሾፌሩ 2 ወይም 3 ዶላር ተገቢ ነው። ለዚህ ሁሉ ከመነሣታችሁ በፊት ከባንክ የ1፣ የ5 እና የ10 ዶላር ኖቶች ዘርዝራችሁ ያዙ፤ በመርከቡ ላይ ያለው የገንዘብ ማሽን ከፍ ያለ ክፍያ ይጠይቃል፤ የሚያወጣውም ትልልቁን ኖት ነው። ሳንቲም አትስጡ፤ ሠራተኛው በአገሩ ሊመነዝረው አይችልም።

ከእንግሊዝ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ወገኖች በዚህ ስሌት አትሂዱ። በዚያ ገበያ ፒ ኤንድ ኦ ክሩዝስ ከ2019 ጀምሮ የቀን ክፍያውን አስቀርቷል፤ ማሬላም ጉርሻውን በቲኬቱ ዋጋ ውስጥ አካትቶ ነው የሚሸጠው። ስለሆነም የራሳችሁን ኩባንያ ውል ማንበብ ይኖርባችኋል።

እህታችን፣ አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ያገለገሏችሁን ሠራተኞች ስምና የሚሠሩበትን ቦታ በስልካችሁ መዝግባችሁ ያዙ። ከተመለሳችሁ በኋላ ኩባንያው በኢሜል የአስተያየት መጠይቅ ይልክላችኋል፤ በዚያ ላይ የእያንዳንዳቸውን ስም ጠቅሳችሁ ምን እንዳደረጉላችሁ በዝርዝር ጻፉ። ጽሑፉ ለአለቆቻቸው ይደርሳል፤ ውላቸው ሲታደስና ዕድገት ሲታሰብም ይታይላቸዋል። መጠይቁ ሊደርሳችሁ የሚችለው በወረዳችሁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሆነ፣ ኢሜላችሁን ሳታዩ እንዳያልፋችሁ።