«ቪዲዮ» ግስ ከሆነ «ቪዲዮዎች» ይባላል ወይ?

ጥያቄ፦ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ቪዲዮ የላቲን ግስ ነው፤ ትርጉሙም አያለሁ ነው፤ ስለዚህ ቪዲዮዎች ማለት አያለሁዎች እንደ ማለት ነው» ብሎ አረመኝ። እውነቱን ነው? ምን ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ ባልደረባዎ ስለ ላቲኑ ልክ ነው። ስለ አማርኛው ግን ተሳስቷል። «ቪዲዮዎች» ብለው ይጻፉ።

መጀመሪያ ግሱን እንየው። የጥንት ሮማውያን «ዊዴኦ» ይሉት ነበር፤ «ቪ» የመጣው በኋላ ነው። ዛሬ በተለመደው አነጋገር ቪዴኦ አያለሁ፣ ቪዴስ ታያለህ፣ ቪዴት ያያል፣ ቪዴሙስ እናያለን፣ ቪዴቲስ ታያላችሁ፣ ቪዴንት ያያሉ ነው። «እኔ»፣ «አንተ» ማለት አያስፈልግም። ባለቤቱ ግሱ ውስጥ አለ፤ ልክ እንደኛው። ልዩነቱ ጾታ ላይ ነው። ላቲን «ታያለህ»ን ከ«ታያለሽ» አይለይም፤ ሁለቱም ቪዴስ ናቸው። «ያያል»ና «ታያለች»ም እንዲሁ በአንድ ቪዴት ያልፋሉ።

ኃላፊው ጊዜ ቪዲ ነው፤ «አየሁ»። ዩልዮስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ47 ዓመት፣ ዛሬ ቱርክ በሆነችው ምድር፣ ዜላ ላይ ካሸነፈ በኋላ የተናገረው ነው የሚባለው ዝነኛ አባባል ውስጥ ያለው ይኸው ቃል ነው፦ ቬኒ፣ ቪዲ፣ ቪቺ። መጣሁ፣ አየሁ፣ አሸነፍሁ። ሦስት ቃል በሦስት ቃል! እንግሊዝኛ ይህን ለመተርጎም በየግሱ ፊት «እኔ» መጨመር አለበት። አማርኛ አንዲት ቃል ሳይጨምር ይመልሰዋል። ይህን ለተማሪ ባሳየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ሌላም አለ። የዚህ ግስ ተገብሮ ቪዴቱር ነው፤ «ይታያል»። ሮማውያን ግን «ይመስላል» ለማለትም ይጠቀሙበት ነበር። ሚሂ ቪዴቱር ሲሉ «ይመስለኛል» ማለታቸው ነው። እኛስ «እኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው» እንል የለ? ማየትና ማሰብ በሁለቱም ቋንቋ ጎረቤት ናቸው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። «ቪዲዮ» ስም የሆነው አማርኛ ከመግባቱ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ ቴሌቪዥን ገና ሲወለድ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለምስሉ ክፍል ስም ፈለጉ። ለድምፁ «ኦዲዮ» የሚባል ቃል ነበራቸው። እሱም በላቲን «እሰማለሁ» ነው። ስለዚህ «እሰማለሁ»ን አይተው «አያለሁ»ን አወጡ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ የዕቃ ስም ነው።

ግስ ስም መሆኑ ለኛም እንግዳ አይደለም። «ዓለማየሁ» የሚለውን ስም ፈታ አድርገው ያንብቡት። ዓለም አየሁ! ያውም የቄሳር «ቪዲ» ሳትቀር ውስጡ አለች። ሆኖም «ዓለማየሁን ጥራልኝ» ስንል ማንም «ግስ ላይ ን አይገባም» ብሎ አይከራከርም። «ይሉኝታ»ም «ይሉኛል» ከሚለው ግስ የወጣ ስም ነው። አንዴ ስም ከሆነ እንደ ስም ይረባል፦ ቪዲዮው፣ ቪዲዮዬ፣ ቪዲዮዎች። በ«ኦ» ድምፅ ስለሚያልቅ «ዎች»ን ይወስዳል፤ እንደ ፎቶዎች፣ እንደ ኪሎዎች። በአፍ «ቪዲዮች» ሲባል እሰማለሁ፤ በጽሑፍ ግን ሙሉው ይሻላል።

የዚህን ግስ ቤተሰብ ግን ሳላሳይዎ አልሄድም። ከግሱ የሚወጣው ቅጽል በወንድ ቪሱስ፣ በሴት ቪሳ ነው፤ «የታየ»፣ «የታየች»። ካርታ ቪሳ ሲባል «የታየች ወረቀት» ማለት ነው። ወረቀት በላቲን ሴት ስለሆነች ነው ቪሳ የተባለው። ይኼው ኤምባሲ በር ላይ የምንሰለፍለት ቪዛ ነው፦ ባለሥልጣን አየው፣ መረመረው፣ ማኅተም አሳረፈበት። የቴሌቪዥን «ቪዥን»ም ከዚሁ ግንድ ነው። «ቴሌ» የግሪክ ሲሆን «ሩቅ» ማለት ነው።

«ቪዥን»ን ድርጅቶች ሁሉ «ራእይ» ብለው ይተረጉሙታል። ጥሩ ትርጉም ነው፤ ምክንያቱም ራእይም የመጣው ከማየት ነው። ግሱ የግዕዙ «ርእየ» ነው፤ አየ ማለት ነው። ትርኢትም አርአያም የዚሁ ልጆች ናቸው። ታዲያ ግሱ በአልፋው «እ» ስለሚጻፍ ልጆቹም እንዲሁ ናቸው። ግድግዳ ላይ «ራዕይ» ተብሎ በትልቁ ተለጥፎ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ እዚያ «ዕ» ላይ ይቀራል። መሥሪያ ቤትዎ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ካለው፣ እባክዎ ለባልደረባዎ ያሳዩልኝ።