ፈቃድ ሰጪው ቢሮ «አስተያየት ስጡኝ» ሲል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አሜሪካ የምኖር አነስተኛ ኮንትራክተር ነኝ። ከአንድ ኤከር ትንሽ ከፍ በሚል ቦታ ላይ አራት ቤቶች ልሠራ አስቤ፣ ለስቴታችን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የዝናብ ጎርፍ ፈቃድ ካመለከትኩ ወራት ተቆጠሩ። ሦስት ጊዜ «አስተካክል» ብለው መልሰውልኛል። የጻፈልኝ ሰው በየጊዜው ሌላ ነው። ከእኔ በላይ ያለው ሌላ ግንባታ ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር ጭቃውን ወደ ጅረቱ ይለቃል፤ የሚጠይቀው የለም። አሁን ደግሞ መሥሪያ ቤቱ «የውሃ ጥራትና የፈቃድ አሰጣጥ ሥርዓቴን ላሻሽል ነውና አስተያየት ስጡኝ» ብሏል። ዜጋ አይደለሁም፣ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። መናገር እችላለሁ? ቂም ቢይዙብኝስ? ምን ብዬ ብጽፍ ይሰሙኛል? እስከዚያውስ መሬቱን መጥረግ ልጀምር?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልነሳ፣ ኪስ የሚጎዳው እሱ ነውና። አይጀምሩ። በፌዴራሉ የንጹህ ውሃ ሕግ መሠረት አንድ ኤከርና ከዚያ በላይ አፈር የሚነካ ግንባታ ፈቃድ ይፈልጋል። አፈር መንካት ሲባል መሠረት መቆፈር ብቻ አይደለም። ዛፍ መንቀል፣ ሣር መግፈፍ፣ መሬት መደልደልም ያው ነው። «ቦታውን ለአራት ከፋፍለህ አንድ በአንድ ሥራ» የሚል መካሪ አይጠፋም። አይስሙት። የአንድ ጠቅላላ ዕቅድ አካል የሆኑ ቦታዎች ተደምረው ነው የሚቆጠሩት። ቅጣቱ ደግሞ በቀን ይባዛል፤ የፌዴራሉ ጣሪያ ለአንድ ጥፋት በቀን ከ68 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ጣሪያው ላይ የሚደርስ ብርቅ ነው፣ ግን ከጣሪያው በታች ያለውም የአነስተኛ ኮንትራክተር ትርፍ ጠራርጎ ለመውሰድ ይበቃል። «እነሱ ናቸው ያዘገዩኝ» የሚለው መከራከሪያም አያድንዎትም።

አሁን ወደ ዘገየው ፋይል። ከማማረርዎ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ፦ በትክክል የዘገየው የቱ ነው? አብዛኛው ግንባታ ለብቻው የተጻፈ ፈቃድ አያገኝም። ስቴቱ አስቀድሞ ያወጣው ጠቅላላ ፈቃድ አለ። እርስዎ «በዚህ ሥር ልሠራ ነው» የሚል የማሳወቂያ ቅጽ ያስገባሉ፣ ባለሙያዎቹ ስዊፕ የሚሉትን የብክለት መከላከያ ዕቅድ ያዘጋጃሉ። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ኢፒኤ፣ በሚያወጣው የግንባታ ጠቅላላ ፈቃድ ይህ እርከን በመደበኛው 14 ቀን ጠብቆ ሥራ መጀመር ነው። የስቴቶች ይለያያል፣ ግን ወራት የሚፈጅ እርከን መሆን አልነበረበትም። ወራት የሚፈጀው ብዙ ጊዜ ሌላኛው ነው፦ ቤቶቹ ካለቁ በኋላ ከጣሪያውና ከአስፋልቱ የሚወርደው ውሃ የት ይግባ የሚለው የንድፍ ግምገማ። እሱን ደግሞ በብዙ ቦታ የሚያየው ካውንቲው ወይም ከተማው ነው እንጂ ስቴቱ አይደለም። ካውንቲው ያጓተተውን ፋይል ለስቴቱ ቢያመለክቱ «ይሄ እኛን አይመለከትም» የምትል የአንድ መስመር መልስ ይደርስዎታል። ስለዚህ ሦስቱን ደብዳቤዎች አውጡና ከላይ የማን ማኅተም እንዳለ ይዩ።

የፋይልዎ ቅጂ ከሌለዎት በሕዝብ መረጃ ሕግ ይጠይቁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አንዳንድ ስቴቶች ይህን መብት ለራሳቸው ስቴት ዜጎች ብቻ ይሰጣሉ። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2013 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) በቨርጂኒያ ጉዳይ «ስቴቶች እንዲህ ማድረግ ይችላሉ» ብሏል። እንዲህ ያለ ስቴት ውስጥ ከሆኑ ጥያቄው በዜጋው መሐንዲስዎ ስም ቢገባ ክርክር አያስነሳም።

ስለ አስተያየቱ ግን ግሪን ካርድዎ ምንም አያግድዎትም። ረቂቅ ፈቃድ ወይም ረቂቅ ደንብ ለሕዝብ ሲቀርብ «ጉዳዩ የሚመለከተው ማንኛውም ሰው» መናገር ይችላል። ዜግነት የሚጠይቅ የለም። ለመንግሥት አቤት ማለት በሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ የተጠበቀ ነው፣ እዚህ የሚኖር የውጭ ዜጋንም ይጠብቃል። ስለ ተናገሩ ፋይልዎን ሆን ብሎ ማጓተት ሕገ ወጥ ነው። የሚያስቸግረው ማስረጃው ነው። ሹክ ያለ ሰው ከሌለ በቀር፣ ዝግመት ቂም ይሁን የሥራ ብዛት እንዴት ያስረዳሉ? እኔ የምመክረው ሁለቱን መለየት ነው። የራስዎን ፋይል የሚመለከተው በአንድ ኢሜይል ለገምጋሚው ይሂድ። ስለ ሥርዓቱ የሚሉት በሌላ ጽሑፍ ለአስተያየት መቀበያው ይሂድ። ቀኖቹን ይመዝግቡ። የሰው ስም አይጥሩ። አስተያየቱ ብዙ ጊዜ ለሕዝብ ክፍት ስለሚሆን የቤት አድራሻዎንና ስልክዎን መሐል ጽሑፉ ውስጥ አይክተቱ።

ቀጥሎ የግብዣውን ዓይነት ይለዩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው። መሥሪያ ቤቱ ረቂቅ ፈቃድ አውጥቶ ከሆነ፣ ሕጉ ቢያንስ 30 ቀን እንዲሰጥ ያስገድደዋል፣ ለተነሱ ቁም ነገሮችም የጽሑፍ ምላሽ መስጠት አለበት። ያኔ ያላነሱትን ነጥብ በኋላ ፍርድ ቤት ላንሳ ቢሉ «ለምን በሰዓቱ አላልክም?» ይባላሉ። «እንዴት እንሻሻል?» የሚል ጥናት ወይም መጠይቅ ብቻ ከሆነ ግን የመመለስ ግዴታ የለበትም። ሰምቶ ዝም ማለት ይችላል። ይህ ማለት አይጻፉ ማለት አይደለም፤ ያ ብቻውን በቂ ነው ብለው አይተኙ ማለት ነው። በብዙ ስቴቶች ደንብ እንዲለወጥ ራስዎ አቤቱታ ማስገባት ይችላሉ። ለምሳሌ ቨርጂኒያ ውስጥ አቤቱታው ለ21 ቀን ለሕዝብ አስተያየት ይቀርባል፣ ያ በተዘጋ በ90 ቀን ውስጥ መሥሪያ ቤቱ እሺ ወይም እምቢ ብሎ በጽሑፍ መወሰን አለበት። እምቢ ቢልም ምክንያቱን ይናገራል፤ ምክንያት የተጻፈበት ወረቀት ደግሞ ለጠበቃ ጥሩ ስንቅ ነው።

ምን ብለው ይጻፉ? መጀመሪያ ስቴቱ ሊነካው የማይችለውን ይተዉት። የንጹህ ውሃ ሕግ የ1972 ነው። የዝናብ ጎርፍ በግልጽ የገባበት በ1987 ማሻሻያ ነው። በ1990 የወጣው ደንብ የግንባታ ቦታን ከ5 ኤከር ጀምሮ ያዘ፣ የ1999ኙ ወደ 1 ኤከር አወረደው። አንድ ፈቃድ ከ5 ዓመት በላይ ሊቆይ አይችልም። ማሳቹሴትስ፣ ኒው ሃምፕሸር፣ ኒው ሜክሲኮና ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ፈቃዱን ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የኖረው ራሱ ኢፒኤ ነው። ሌሎቹ ስቴቶች ውክልና ወስደው ይሰጣሉ፣ ግን በውክልና ነው። ከፌዴራሉ ማጥበቅ እንጂ ማላላት አይችሉም። ስለዚህ «ገደቡ 3 ኤከር ይሁን» ብሎ ሁለት ገጽ መጻፍ ቀለም ማባከን ነው። ገምጋሚው ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ያልፈዋል።

ስቴቱ በእጁ ያለው የራሱ አሠራር ነው። ማመልከቻው ሙሉ መሆኑን በስንት ቀን ይናገራል? አንድን ፋይል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሰው ያያል ወይስ እየተቀባበሉ? የማስተካከያ ጥያቄ ሁሉ በአንድ ደብዳቤ ይመጣል ወይስ በየወሩ አዲስ ነገር? እርማት ሲጠይቅ የትኛውን የደንብ አንቀጽ ይጠቅሳል? ፋይሉ የት እንደደረሰ አመልካቹ ከቤቱ ሆኖ ማየት ይችላል? ቨርጂኒያ ይህን በኢንተርኔት እያሳየች ነው፣ ስለዚህ «አይቻልም» ማለት አይቻልም። የሠራተኛ እጥረት ካለም እሱን ይንገሯቸው። የአስተያየትዎ ቅጂ የስቴቱ ምክር ቤት አባልዎ እጅ ይግባ፤ በጀቱን የሚቆርጡት እዚያ ናቸው።

ሦስቱ ደብዳቤዎች ከመቶ ምሬት ይበልጣሉ። ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። መቼ ተጻፈ፣ ምን ጠየቀ፣ የትኛውን አንቀጽ ጠቀሰ፣ እርስዎ መቼ መለሱ። ሁለተኛው ደብዳቤ የመጀመሪያው ያጸደቀውን ካፈረሰ ያችን ቦታ ያስምሩባት። ከዚያ እንደዚህ አድርገው መጻፍ ይችላሉ፦

«ማመልከቻዬ በገባ በዚህ ቀን የመጀመሪያው እርማት መጣ፤ የደለል ማጠራቀሚያ ኩሬውን ስፋት ብቻ የሚመለከት ነበር። አስተካክዬ መለስኩ። ሁለተኛው እርማት የመጣው ከዚህን ያህል ቀን በኋላ ነው፤ የጠየቀው የመግቢያውን ጠጠር ነው፣ እሱ ግን በመጀመሪያው ንድፍ ላይም ነበር። ሁሉም እርማት በመጀመሪያው ግምገማ አንድ ላይ እንዲሰጥ፣ ከዚያ በኋላ አዲስ ነጥብ ማንሳት የሚቻለው አመልካቹ ንድፉን ሲለውጥ ብቻ እንዲሆን እጠይቃለሁ።»

ከዚህ የረዘመ አያስፈልግም። እንግሊዝኛውን መሐንዲስዎ ወይም ልጅዎ ያስተካክልልዎ፣ ነገሩ ግን የእርስዎ ይሁን። ከማኅበር ገልብጠው የሚልኩት አንድ ዓይነት ደብዳቤ እንደ አንድ ነጥብ ተጠቅልሎ ነው የሚመለሰው።

ይህን ሲጽፉ በቅርቡ የተሰጠ ውሳኔ ሊያግዝዎት ይችላል። በማርች 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሳን ፍራንሲስኮና በኢፒኤ ክርክር ላይ እንዲህ አለ፦ ፈቃድ ሰጪው «ውሃው እንዳይበላሽ» የሚል የመጨረሻ ውጤት ብቻ ጽፎ ኃላፊነቱን በባለፈቃዱ ላይ መጣል አይችልም፤ ምን እንዲያደርግ መንገር አለበት። ውሳኔው የፌዴራሉን ሕግ የሚመለከት ነው። ስቴቶች በራሳቸው ሕግ ከዚያ ያለፈ ሊጠይቁ ይችሉ ይሆናል፣ ክርክሩም ቀላል አይሆንም። ቢሆንም «ምን እንድሠራ በግልጽ ጻፉልኝ» የሚል አስተያየት አሁን ጉልበት አለው።

ስለ ጎረቤትዎ። «ሌላው ሲያጠፋ ዝም ብላችሁ እኔን ታንገላታላችሁ» የሚለው ስሜት ትክክል ነው፣ ግን ያንን ከፈቃድዎ ጋር አያያይዙት። ለብቻው ጥቆማ ያድርጉት። ዝናብ ባቆመ ሰዓት ከሕዝብ መንገድ ላይ ሆነው ፎቶ ያንሱ። አጥሩን ዘለው አይግቡ። ፎቶው ሦስት ነገር ያሳይ፦ የወደቀውን ወይም ከሥሩ የተቦረቦረውን የደለል መከላከያ አጥር፣ ጭቃው የሚሄድበትን ቦይ፣ ጅረቱ ውስጥ የሚገባበትን ነጥብ። መግቢያው ላይ የፈቃድ ቁጥር ያለበት ማስታወቂያ ተለጥፎ እንደሆነ ይፈልጉ። ኢፒኤ በሚሰጠው ፈቃድ ይህ ግዴታ ነው። ባለቤቱም ቦታውን በየ7 ቀኑ፣ ወይም በየ14 ቀኑና ሩብ ኢንች ዝናብ በጣለ በ24 ሰዓት ውስጥ መፈተሽ አለበት። የአብዛኛው ስቴት ፈቃድም ከዚህ ብዙም አይርቅም። የፍተሻ መዝገቡን መሥሪያ ቤቱ ይጠይቀው። ምንም ካልተደረገ ሕጉ ጉዳት የደረሰበት ሰው ራሱ እንዲከስ ይፈቅዳል። ከዚያ በፊት ግን ለአጥፊው፣ ለስቴቱና ለኢፒኤ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ግድ ነው።

ያው በር ለእርስዎም ጎረቤቶች ክፍት መሆኑን አይርሱ።

ደግሞ ጅረቱን ያጣሩ። እያንዳንዱ ስቴት ጥራታቸው የወረደ ውሃዎችን ዝርዝር ያወጣል። ጅረትዎ በደለል ምክንያት እዚያ ውስጥ ካለ፣ ጥብቅ ሁኔታዎች ይከተላሉ፤ ምርመራው ይበዛል፣ የተነካውን አፈር በሣር ወይም በገለባ ለመሸፈን የሚሰጠው ጊዜ ያጥራል። ምናልባት የእርስዎ ፋይል የተንገላታው በዚሁ ምክንያት ነው፣ የነገረዎት ሰው ግን የለም። ከሆነ ለአስተያየትዎ ሌላ ጥሩ ነጥብ አገኙ ማለት ነው፦ ጅረቱ ዝርዝሩ ውስጥ መሆኑ ለአመልካች በመጀመሪያው ቀን ይነገር።

የመጨረሻው ቀን ላይ ደግሞ ይጠንቀቁ። «11:59 ፒኤም» የሚለው በእኛ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ59 መሆኑ ነው፣ የማን ሰዓት እንደሆነም ይዩ። በኢንተርኔት ሲልኩ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ያስቀምጡ። ካልመጣ በኢሜይል ደግመው ይላኩ። እነዚያን ሦስት ደብዳቤዎች ደግሞ ይዘው ከመላክዎ በፊት በስቴትዎ ፈቃድ ላለው ጠበቃ ያሳዩ።