ብናኙ ከስር ታጭቋል፣ ሲሙሌሽኑ ከፊት ያሳያል

«ጋሼ፣ አቧራ ለሚበዛበት አካባቢ የሚሆን የመስመር ስኒ (የኤሌክትሪክ ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየውን፣ ከስሩ ቀለበቶች ያሉትን ዲስክ) እየነደፍኩ ነው። በአየር ፍሰት ሲሙሌሽን ነፋሱን በሰከንድ 3 ሜትር፣ ብናኙን 100 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ አስረኛ) አድርጌ ሳስኬደው ቆሻሻው ነፋስ በሚመታው ፊት ላይ ብቻ ይጠራቀማል። ከመስመር የወረዱትን ስኒዎች ስገለብጣቸው ግን የታጨቀው ከስር፣ በቀለበቶቹ መካከል ነው። የት ተሳሳትኩ?»

ብናኙን ከምሰሶው ስር ካለው መሬት ዘግነህ ነው የለካኸው፤ እወራረዳለሁ። መሬት ላይ ያለው ወድቆ የቀረው ሻካራው ነው። ከወረደው ስኒ ስር ያለውን በጣትህ እሸው። እንደ ዱቄት ከላመ 10 ማይክሮን አድርገህ ድገመው። የወረደው ነው ያልኩት። መስመር ላይ ወዳለው ስኒ ኃይል ሳይቋረጥ፣ መቋረጡ በመፈተሻ ሳይረጋገጥ፣ ኧርዝ ሳይደረግ (መስመሩ በሽቦ ከመሬት ጋር ሳይገናኝ) ማንም አይወጣም።

እዚህ ላይ ማውራት እወዳለሁና ታገሰኝ። ነፋስ ስኒው ጋ ሲደርስ ይታጠፋል፤ ጥያቄው ብናኙ አብሮት ይታጠፋል ወይ ነው። በሰከንድ 3 ሜትር የሚበር የ100 ማይክሮን ቅንጣት አየሩ ድንገት ቢቆም እንኳ በራሱ ግፊት 10 ሴንቲሜትር ያህል ይሄዳል። የተለመደው ስኒ ከመሃል እስከ ጠርዝ 13 ሴንቲሜትር አይሞላም፤ ስለዚህ ቅንጣቷ ሳትታጠፍ ፊቱን ትገጫለች። የ10 ማይክሮኗ ግን 2 ሚሊሜትር ያህል ሄዳ ትቆማለች። አየሩ የገባበት ሁሉ ትገባለች ማለት ነው። አየሩ ደግሞ ጠርዙን አልፎ ከስር ይገባና በቀለበቶቹ መካከል ይሽከረከራል። ወንዝ ውስጥ ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ ቅጠል እዚያው ሲዞር አይተህ ታውቃለህ? ውሃው ያልፋል፣ ቅጠሉ ይቀራል። ፍጥነቱ እዚያ ስለሚሞት ብናኙ ያርፋል፤ ዝናብም ከስር አያጥበውም። ጉዱ የሚፈላው ሌሊት ጤዛ ሲያርሰው ነው፤ የረጠበ ቆሻሻ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል።

ሜሹ (ሲሙሌሽኑ አየሩን የሚከፋፍልበት መረብ) ከገጹ አጠገብ ሻካራ ከሆነ ይህን ሽክርክሪት አታየውም። ኬ-ኦሜጋ ኤስኤስቲ የሚባለውን የአየር ሽክርክሪት ማስያ ሞዴል ተጠቀም፤ የመረቡ የመጀመሪያ ንብርብር ዋይ-ፕላስ (ለገጹ ያለው ቅርበት መለኪያ) 1 አካባቢ ይሁን። 3 ስኒ ደርድር፤ አንዱ የሌላውን ነፋስ ይለውጠዋል። ገጹን የነካ ብናኝ ሁሉ ይጣበቃል ካልክም ውጤትህ ይጋነናል።

ቀለበቶቹን ለማጥለቅ አስበህ ከሆነ ተው። አይኢሲ 60815 የተባለው ዓለም አቀፍ የስኒ መስፈርት ለከባድ ብክለት በምሰሶና በመስመር መካከል ላለው እያንዳንዱ ኪሎቮልት 43.3 ሚሊሜትር የገጽ ርቀት (የስኒውን ገጽ ተከትሎ የሚለካ ርዝመት) ይጠይቃል፤ ርካሽ ስኒ ሻጮችም ርቀቱን በጥልቅ ቀለበት ሞልተው ካታሎግ ያሳምራሉ። ጥልቁ ለጨው ጉም ይረዳል። ዝናብ በሌለበት ደረቅ አቧራ ግን ከስሩ ሜዳ የሆነውንና ነፋስ የሚጠርገውን እመርጣለሁ። የጎደለውን ርቀት ስኒ ጨምረህ ሙላው።

ካወረድካቸው ውስጥ በሽቦ ብሩሽ የተፋቀ ካለ ለይተህ አስቀምጥ። ስንቱን አይቻለሁ! ሲሚንቶ የደረቀበትን ስኒ አንዱ «አጸዳሁ» ብሎ መስታወት የመሰለውን ሽፋን ገፎት ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ አቧራው እንደ ሙጫ ይይዘዋል። ሲሙሌሽንህ ልስልስ ገጽ ስለሚያስብ ከእሱ ጋር አይገጥምም።

ተጨማሪ ናሙና ካስፈለገህ መስመሩን የሚዘጉት ሠራተኞች ያውርዱልህ። «ለአፍታ ነው» ብለህ ኧርዝ ሳይደረግ እንዳትወጣ።