መልስ፦ ዋይፋዩ «ኮኔክትድ» ይላል፣ የመግቢያ ገጹ ግን አይመጣም

ወንድሜ፣ ደብረ ማርቆስ ዶርም ሆነህ የጠየቅከው፣ ዋይፋዩ ተይዞ የዩዘርኔምና የፓስዎርድ ገጹ አልከፈት ያለው ነገር፣ አብዛኛውን ጊዜ የስልክ ሴቲንግ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ የሞባይል ዳታህንና ቪፒኤንህን አጥፋ። ቀጥለህ ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ»ን (ዲኤንኤስ የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይር አገልግሎት ነው) ኦፍ አድርገው። እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ይህን ነው፤ ሎግኢን ሳታደርግ ኔትወርኩ የውጭ ዲኤንኤስ ስለማያሳልፍ ስልክህ ገጹን ሊያገኘው አይችልም።

ከዚያ ብራውዘር ከፍተህ በኤችቲቲፒ (http://) የሚጀምር አድራሻ ጻፍ። በኤችቲቲፒኤስ (https://) ከሞከርክ አብዛኛውን ጊዜ ወደ መግቢያው አይወስድህም፣ ወይ አይከፈትም ወይ የሰርተፍኬት ማስጠንቀቂያ ያሳይሃል። እምቢ ካለ የዋይፋዩን ስም ነክተህ ዝርዝሩ ውስጥ «ጌትዌይ» የሚለውን፣ የኔትወርኩን መውጫ በር አድራሻ የሆነውን ቁጥር ብራውዘሩ ላይ ጻፈው።

ገጹ መጥቶ «የመሣሪያ ብዛት ሞልቷል» ካለህ፣ ስልክህ ማክ አድራሻ (የዋይፋይ መለያ ቁጥሩን) እየቀያየረ እንደ አዲስ ስልክ ተቆጥሮ ይሆናል። ኔትወርኩን «ፎርጌት» ብለህ እንደገና ስትገባ፣ የዋይፋዩ ዝርዝር ውስጥ «ራንደማይዝድ ማክ»ን ወደ «ፎን ማክ» ቀይረው።

መብራት ሄዶ ከመጣ ግን ምንም አትነካካ፤ አክሰስ ፖይንቱ (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው መሣሪያ) እስኪነሳ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ። አልጋህ ከኮሪደሩ ከራቀ የ2.4 ጊጋኸርዙን ዋይፋይ ምረጥ፣ የ5 ጊጋኸርዙ ግድግዳ ላይ ይበልጥ ይዳከማል።