የኮንዳ ፎልደር ዲስክ ሲሞላ፦ ሃርድ ሊንኩ የት፣ ሲምሊንኩ የት?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ለሌሎቹም እንዲገባ ባጭሩ ልድገመው። ላፕቶፕሽ ላይ ከዊንዶውስ ጎን ኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) አለ። ሚኒኮንዳ (ትንሹን ኮንዳ፣ የፓይተን ፓኬጆችን የሚጭነውን ፕሮግራም) ጭነሽ ሦስት ኢንቫይሮመንት (ለየሥራው የተለየ የፓኬጅ ስብስብ) ፈጠርሽ፣ ዲስኩ ሞላ። ኮንዳ ፓኬጆቹን የሚያስቀምጥበትን ፎልደር ውስጡን አጠፋሽ፣ ቦታው ግን አልተመለሰም። ከዚያ አንዱ «ፎልደሩን ወደ ኤክስተርናል ዲስክ አዛውሪና በሲምሊንክ አያይዢው» አለሽ። አደረግሽው፣ አዲስ ኢንቫይሮመንት ስትፈጥሪ ጭራሽ ባሰበት። አሁን ደግሞ «ሁሉንም ሃርድ ሊንክ በሲምሊንክ ልቀይረው ወይ?» ብለሻል።

አትቀይሪው። እኔ እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ የማሠልጠኛ ላብ ኮምፒውተሮችን ነው የማስተዳድረው። ተማሪዎች ይዘውት የሚመጡት ችግር ብዙ ጊዜ ይሄው ያንቺው ነው።

ሊኑክስ ላይ የፋይሉ ይዘትና ስሙ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይዘቱ አይኖድ የሚባል ቁጥር አለው። ፎልደር ውስጥ የምታይው ስም ወደዚያ ቁጥር ይመራል እንጂ ይዘቱን አልያዘም። ሃርድ ሊንክ ማለት ለዚያው አይኖድ ሌላ ስም መጨመር ነው። የዓለም ስምና የክርስትና ስም እንዳለው ሰው ነው፤ በየትኛውም ብትጠሪው የሚመጣው ያው ሰው ነው። ሲምሊንክ ግን ሌላ ነገር ነው። ራሱን የቻለ ትንሽ ፋይል ሲሆን ውስጡ የተጻፈው የሌላ ፋይል አድራሻ ብቻ ነው። አድራሻው ላይ ፋይሉ ኖረም አልኖረም ሲምሊንኩ ግድ የለውም።

ኮንዳ ፓኬጅ ሲጭን መጀመሪያ የጋራ ማከማቻው (ያ ውስጡን ያጠፋሽው ፎልደር) ውስጥ ይፈታዋል። ከዚያ ወደየኢንቫይሮመንቱ አብዛኛውን ፋይል በሃርድ ሊንክ ያስገባል። ማከማቻውን ስታጠፊ አንዱን ስም ብቻ ነው ያጠፋሽው። ኢንቫይሮመንቶቹ ውስጥ ያሉት ስሞች ስላሉ ይዘቱ ዲስኩ ላይ ተቀመጠ። ቦታ የሚለቀቀው የመጨረሻው ስም ሲጠፋ ነው።

የፎልደር መጠን ስትለኪም ተጠንቀቂ። ሦስቱን ኢንቫይሮመንት ለየብቻ በ«ዲዩ» (የፎልደር መጠን በሚለካው ትእዛዝ) ብትለኪያቸው የጋራው ፋይል ሦስቴም ይቆጠራል። በአንድ ትእዛዝ አብረሽ ብትሰጪው ግን አንዴ ብቻ ይቆጥረዋል። «ሠላሳ ጊጋ በላብኝ» የሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ ለየብቻ የለኩ ናቸው።

ኤክስተርናሉ ላይ የሆነው ደግሞ ይሄ ነው። አይኖድ የሚሠራው በራሱ ፋይል ሲስተም (ዲስክ ላይ ፋይሎች የሚደራጁበት ሥርዓት) ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ሃርድ ሊንክ ከአንድ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ወደ ሌላ አይሻገርም። ማከማቻው ኤክስተርናል ላይ፣ ኢንቫይሮመንቱ ላፕቶፑ ላይ ሲሆን ኮንዳ ያለው አማራጭ ኮፒ ማድረግ ነው። ድምፅ ሳያሰማ ኮፒ አደረገልሽ። የዲስክሽ ፋይል ሲስተም ኤክስፋት የሚባለው ከሆነ (ከሱቅ ሲገዙ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው) ሃርድ ሊንክም ሲምሊንክም ጭራሽ አይቀበልም።

«ታዲያ ኢንቫይሮመንቶቹ ውስጥ በሃርድ ሊንኩ ፋንታ ሲምሊንክ ቢኖርስ? ሲምሊንክ እኮ ፓርቲሽን ይሻገራል» ትዪ ይሆናል። እውነት ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ስታጸጂ ነው። እያንዳንዱ አይኖድ ስንት ስም እንዳለው ቁጥር ይይዛል። ፋይሎችን በሚዘረዝረው ትእዛዝ «ኤልኤስ -ኤል» ስትዪ ከፈቃዶቹ ቀጥሎ የምታይው ቁጥር እሱ ነው። «ኮንዳ ክሊን» (ማከማቻውን የሚያጸዳው ትእዛዝ) ፓኬጁን የሚጠቀምበት መኖር አለመኖሩን የሚያውቀው ከዚህ ቁጥር ነው። ሲምሊንክ ግን በሚያመለክተው ፋይል ላይ ምንም ምልክት አይተውም፣ አይቆጠርም። የኮንዳ የራሱ መመሪያም በሲምሊንክ የተያያዙ ፓኬጆችን እንደማያጣራ ያስጠነቅቃል። አንድ ቀን «ክሊን» ብለሽ ሦስቱንም ኢንቫይሮመንት ባዶ አድራሻ ታደርጊያቸዋለሽ። ጥምቀት ሰሞን፣ ኔትወርኩ በተጨናነቀበት፣ ፓይቶርችን የመሰለ ትልቅ ፓኬጅ እንደገና ማውረድ ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

ሃርድ ሊንክም የራሱ መዘዝ አለው። አንድ ተማሪ ኮዱ አልሠራ ብሎት የላይብረሪ ፋይል ከፍቶ የፕሪንት መስመር ጨመረበት። ከዚያ ሌላ ኢንቫይሮመንት ውስጥ ሲሠራም ያው መስመር ይታተማል። «ቫይረስ ነው» ብሎ መጣ! ናኖ የሚባለው የጽሑፍ ኤዲተር ፋይሉን እዚያው ላይ ስለሚጽፍ ለውጡ በሁሉም ስም ይታያል። ሌላው ኤዲተር ቪምም ፋይሉ ሌላ ስም እንዳለው ካየ በነባሪው እንደዚያው ያደርጋል። «ሴድ -አይ» የሚባለው ጽሑፍ ቀያሪ ትእዛዝ ግን አዲስ ፋይል ጽፎ ስሙን ስለሚተካ ሊንኩን ይቆርጠዋል። ስለዚህ የተጫነ ፓኬጅ ውስጥ በእጅሽ አትግቢ። የግድ ከሆነ ፋይሉን ኮፒ አድርጊና በኮፒው ተኪው።

ሲምሊንክ ቦታው «አሁን የትኛው ይሠራ?» የሚባልበት ነው። ኢንቫይሮመንትሽ ውስጥ ፓይተን የሚለው ስም ቁጥር ወዳለው ፓይተን የሚያመለክት ሲምሊንክ ነው። ኡቡንቱም የራሱን ፓይተን 3 እንደዚሁ ነው የሚመርጠው። ያንን የሲስተሙን በእጅሽ እንዳትነኪው ግን አደራ። ወደ ሌላ ቨርዥን ያዞሩ ሰዎች ተርሚናል አልከፈት ብሏቸው ላፕቶፕ ተሸክመው መጥተዋል።

ያንቺ መፍትሔ ሲምሊንኩን አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ነው። ከዊንዶውሱ ፓርቲሽን ቀንሰሽ ሌላ ኢኤክስቲ4 (የሊኑክስ ፋይል ሲስተም) ፓርቲሽን ፍጠሪ። መጀመሪያ ፋይሎችሽን ባክአፕ አድርጊ። ባትሪውንም እስኪሞላ ቻርጅ አድርጊ፤ መብራት መሃል ላይ ቢሄድ ማንም አይደርስልሽም። ማከማቻውን ከኤክስተርናል ከመመለስ ባዶ አዲስ ፎልደር ይሻላል። ከዚያ የሚኒኮንዳ ፎልደሩን በሙሉ፣ ማከማቻውንም ኢንቫይሮመንቶቹንም አንድ ላይ፣ በ«አርሲንክ» (ፋይል በሚቀዳው ትእዛዝ) አዛውሪ። ትልቁን «ኤች» አማራጭ ጨምሪበት፤ ያለሱ ሃርድ ሊንኮቹ ወደ ኮፒ ይቀየራሉ። በሙሉ መቀዳቱን ካረጋገጥሽ በኋላ የድሮውን ፎልደር አንሺና እሱ የነበረበት ቦታ ላይ ወደ አዲሱ የሚያመለክት አንድ ሲምሊንክ አስቀምጪ። ኮንዳ አንዳንድ ፋይሎች ውስጥ የድሮውን አድራሻ ስለሚጽፍ ይሄ ግዴታ ነው። አዲሱ ፓርቲሽን ላፕቶፑ ሲነሣ ራሱ ማውንት እንዲሆንም (ተከፍቶ ዝግጁ እንዲሆን) አድርጊ፣ አለዚያ ሲምሊንኩ ቀይ ሆኖ ይጠብቅሻል።

ሌላውን የፓይተን ፓኬጅ መጫኛ፣ ፒፕን አትርሺ። ፒፕ ፋይል ኮፒ ነው የሚያደርገው። ፓይቶርችን ሦስቱም ውስጥ በፒፕ ከሆነ የጫንሽው በእውነትም ሦስት ቦታ ተቀምጧል፤ ይሄን ማንም ሊንክ አያድነውም። ዩቪ የሚባለው ሌላ መጫኛ ግን በሃርድ ሊንክ መጫን ይችላል፣ ማከማቻውና ኢንቫይሮመንቱ አንድ ፋይል ሲስተም ላይ እስከሆኑ ድረስ።

ኤክስተርናሉስ? የወረዱትን የታሸጉ የኮንዳ ፋይሎች አስቀምጪበት። ተራ ፋይሎች ስለሆኑ ኤክስፋትም ይበቃቸዋል። ኮፒ ካደረግሽ በኋላ «ኮንዳ ክሊን» በ«ታርቦልስ» አማራጭ (እነዚህን የታሸጉ ፋይሎች ብቻ በሚያጸዳው) ከላፕቶፑ ያጠፋልሻል። እነሱ በሃርድ ሊንክ ስላልተያያዙ ያን ጊዜ ቦታው ወዲያው ይመለሳል። ኢንተርኔት ሲጠፋም ወደ ማከማቻው መልሰሽ በኦፍላይን አማራጭ መጫን ትችያለሽ።