ሞተሩ ይጮሃል ጀልባዋ አትሄድም፣ ካቪቴሽን ነው ወይስ ቬንቲሌሽን?

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ሐይቅ ላይ፣ ደሴ አጠገብ ባለው ማለቴ ነው፣ የምትሰራባት ጀልባ ስትታጠፍ ሞተሩ ድንገት ይጮሃል፣ ጀልባዋ ግን ትለግማለች፣ መካኒኩ ደግሞ ካቪቴሽን ነው ፕሮፔለር፣ ያንን ውሃ ውስጥ የሚዞረውን ባለክንፍ፣ ቀይር አለህ። አብሽር፣ ብርህን ገና አታውጣ። እንደነገርከን ከሆነ ያንተ ቬንቲሌሽን ነው የሚመስለው፣ ሁለቱን ሰው ሁሉ በአንድ ስም ስለሚጠራቸው ነው እንዲህ የሚያሳስቱት።

እኔ ኮምቦልቻ ፓምፕና ትናንሽ ሞተር ስጠግን ነው የኖርኩት፣ ካቪቴሽንን ያወቅኩትም ከመስኖ ፓምፕ ነው። ቦርከና ዳር አንድ ገበሬ ጎርፍ እንዳይወስድበት ብሎ ፓምፑን ከወንዙ በጣም ከፍ አድርጎ ተክሎታል፣ መሳቢያ ቱቦውም ቀጭን ነው፣ ሲነሳ ውስጡ ጠጠር የገባ ይመስላል። ፈታሁት፣ አንዲት ጠጠር የለም። ኢምፔለሩን፣ ፓምፑ ውስጥ የሚዞረውን ክንፍ፣ በጥፍሬ ስዳብሰው ግን ነቀዝ የበላው ባቄላ ነው፣ ጥቃቅን ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል። ካቪቴሽን ማለት ይሄ ነው። ከውጭ አየር አልገባም፣ ራሱ ውሃው ነው ሳይሞቅ የፈላው። ውሃ የሚፈላው በሙቀት ብቻ አይደለም፣ የሚጫነው ግፊት ከቀነሰለትም ይፈላል፣ ደሴ ላይ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ የሚፈላውም ለዛ ነው። ፕሮፔለር በኃይል ሲዞር ክንፉ ውሃ በሚስብበት ፊት ግፊቱ እጅግ ይወርድና ውሃው ቀዝቃዛ እንደሆነ እዛው እንፋሎት ይሆናል፣ አረፋው ግፊት ያለበት ቦታ ሲደርስ ደግሞ ወደ ውስጥ ይጨፈለቃል፣ ያ ምት ነው ብረቱን እየቆነጠረ የሚበላው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ድንጋይ መትቶት የተሸረፈ ወይ የተጣመመ ክንፍ ነው፣ ወይም ለሞተሩ የማይሆን ፕሮፔለር።

ቬንቲሌሽን ሌላ ነገር ነው። እዛ ፕሮፔለሩ ከውሃው ገጽ አየር፣ ወይም የራሱን የሞተሩን ጭስ፣ ስቦ ይውጣል። አየር ደግሞ አይጨበጥም፣ ክንፉ የሚገፋው ነገር ሲያጣ ሞተሩ ሸክሙ ይወርድለትና ይጮሃል። በፓምፕ ብታየው የቱቦው አፍ ከላይ ቀርቦ አዙሪት ሲሰራና አየር ሲስብ እንደማለት ነው። ጀልባ ላይ ሲታጠፉ፣ ማዕበል ሲኖር፣ ሞተሩ ወደ ላይ ሲቀና ይብሳል፣ ጋዝ ስትቀንስለት ደግሞ ቶሎ መልሶ ይይዛል።

አንድ ባለጀልባ እንዳንተው ተብሎ ሁለት ፕሮፔለር ገዝቶ ነበር፣ ወላሂ ያሳዝናል። ሄጄ ሳየው ክንፉ ለስላሳ ነው፣ አንድም የተበላ ቦታ የለውም። ጀልባዋን ወደ ዳር አውጥተን ቀጥ ያለ ጣውላ ከሆዷ ስር አስጠግቼ ወደ ኋላ ሳሻግረው፣ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ሳህን ከጣውላው 8 ሳንቲም ከፍ ብላ ተንጠልጥላለች። ሞተሩ እግሩ አጭር ነው፣ 15 ኢንች የሚባለው፣ ባለጀልባው ደግሞ ሞተሩ የሚታሰርበትን ሳንቃ ውሃ እንዳይገባ ብሎ ቀጥሎ አስረዝሞታል። ሳንቃውን ቆርጠን ሞተሩን አወረድነው፣ አሮጌውን ፕሮፔለር መልሰን አሰርን፣ አለቀ። ያቺን ሳህን ባለሙያው ሁሉ ፀረ ካቪቴሽን ነው የሚላት፣ ስሟ ነው ብዙ ሰው ያሳሳተው፣ ስራዋ አየር ከላይ እንዳይወርድ መክደን ነው። ከጀልባው ሆድ እኩል ወይ ሁለት ሦስት ሳንቲም ዝቅ ብላ መቀመጥ አለባት።

አንድ ሦስተኛ ነገር አለ፣ እሱንም እይ። ፕሮፔለሩ መሃል ያለው የጎማ ቡሽ ከለቀቀ ሞተሩ እንዲሁ ይጮሃል፣ ግን ይሄኛው ቀጥ ብለህ እየሄድክ ጋዝ ስትሰጠውም ያደርገዋል። ከውስጠኛው ብረት እስከ ውጭኛው ቀጥ ያለ የቀለም መስመር አስምርበት፣ ነድተኸው ስትመለስ መስመሩ ከተሰበረ ቡሹ ነው።

ሐይቅ ደግሞ 2,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነ ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የአየሩ ግፊትም ከባህር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፣ ስለዚህ የተሸረፈ ክንፍ እዚህ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው ካቪቴሽን የሚጀምረው። ሽርፍ ካገኘህ በሞረድ አለስልሰው፣ ከተጣመመ ግን በመዶሻ አትነካካው፣ ለሚያውቅ ስጠው።

መጀመሪያ ግን ጣውላውን አስጠግተህ ለካ፣ ስንት ሳንቲም እንደመጣ ከክንፉ ፎቶ ጋር እዚሁ ላክልኝ።